ከንፍሮ ወዲያ

ዐቢይ ጾም ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ቡሬ ነኝ፣ የእናቴ ታላቅ እህት ቤት። ማታ ዘፍዝፌው ያደርኩትን ሽምብራ ጠዋት ስገልጠው ሁለት ብርጭቆ የነበረው አራት ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ ሳህኑ አፍ ደርሷል። እቴቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነጠላቸውን እያጠፉ መጡና ከላይ ሆነው አዩት።

እቴቴ፦ ንፍሮ ነው? የማን ሙት ዓመት ደረሰ ደግሞ?

እኔ፦ ሙት ዓመትም ተዝካርም አይደለም እቴቴ። ቤይሩት እያለሁ የምሠራውን ልሠራልዎ ብዬ ነው። ሑሙስ ይባላል።

እቴቴ፦ ሐሙስ? ጸሎተ ሐሙስ ገና ስንት ሳምንት ይቀረው የለ? ለጉልባን ነው እንዳልል ስንዴው የለም።

እኔ፦ ከቀኑ ጋር አይገናኝም። በዐረብኛ ሑሙስ ማለት ሽምብራ ማለት ነው። ሱቅ ገብተው ሑሙስ ስጡኝ ቢሉ ጥሬውን ሽምብራ ሊመዝኑልዎ ይችላሉ። ምግቡን ለይተው ሲጠሩት ‹ሑሙስ ቢጣሂና› ይላሉ። ጣሂና የተፈጨ ሰሊጥ ነው፤ ‹ቢ› ያሏት ደግሞ እንደ እኛ ‹በ› ናት።

እቴቴ፦ እና ስድስት ዓመት ዐረብ አገር ኖረሽ የተማርሽው ሽምብራ መቀቀል ነው?

እኔ፦ እሱንም ነው።

እቴቴ፦ አይክፋሽ ልጄ። ላስከፋሽ ብዬ አልተናገርኩም። ሰው ይጠይቀኛል። ቡና በጠጣን ቁጥር ያቺ ጎረቤታችን ‹ልጅቱ ምን ይዛ መጣች?› ትለኛለች። ከዐረብ አገር የተመለሰችው የማዶዋ ልጅ ቤት አቁማለች፤ የታችኛዋ ወፍጮ ቤት ከፍታለች። እኔ ምን እላለሁ? ሲኒዬን አስቀምጬ ዝም ነው።

እኔ፦ በ2012 ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ የነበረው ልብሴና አንድ ብርድ ልብስ ነው። የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ ደመወዜ ከቆመ ወራት አልፎ ነበር። አውሮፕላኑ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅማ ሻንጣም አልነበራት። ነገር ግን እቴቴ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ስሠራበት የኖርኩትን እጄን ይዤ መጥቻለሁ። እጅሽ ምን ያውቃል ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን እስካሁን የለም።

እቴቴ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጉልቻው ላይ ድስት ጣዱ።

እቴቴ፦ በይ እሳቱ ተያይዟል። አሳዪኝ።

እኔ፦ መጀመሪያ የአዳሩን ውሃ እንድፋው። ሆድ የሚነፋው ነገር አብሮት ይወጣል። አሁን አንድ ቁንጥር ሶዳ እንጨምርበት፤ ለሁለት ብርጭቆ ጥሬ የሻይ ማንኪያ ግማሽ ይበቃል።

እቴቴ፦ ለዳቦ የሚገባው ነው?

እኔ፦ እሱስ ቤኪንግ ፓውደር ነው፤ እዚህ አይሆንም። ሶዳ ብቻውን። የእህሉን ቆዳ አስሮ የያዘውን ነገር ይፈታዋል፤ ቶሎ ይበስላል። ከበዛ ግን ሳሙና ሳሙና ይላል። ሎሚ ደግሞ አሁን አይነካውም። ኮምጣጣ ነገር ሳይበስል ከገባበት እንደ ድንጋይ ይዞት ይቀራል፤ ቀኑን ሙሉ ቢያነዱበት አይላላም።

እቴቴ፦ ሽምብራውን ከየት ገዛሽው?

እኔ፦ ከዚሁ ገበያ። ነጋዴዋ የብቸና ነው አለችኝ።

እቴቴ፦ እውነቷን ነው። ቡሬ ቀይ አፈር ነው፤ በቆሎና በርበሬ ነው የሚያውቀው። ሽምብራ የዋልካ ልጅ ነው። እኔ ብቸና በኩል ነው ያደግሁት። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም፣ ዋልካው የተኛበት ውሃ ሲሸሽ ይዘራል። ከዚያ በኋላ ዝናብ አይጠይቅም። አፈሩ ውስጥ ባደረው እርጥበት ብቻ ጥር ላይ ይደርሳል። መሬቱ እግር እስኪያስገባ ድረስ እየተሰነጠቀ እሱ ያብባል። እሸቱን ስንቀጥፍ ደግሞ ቅጠሉ እንደ ጤዛ ያወረዛል፤ ጣትሽን ስትልሺው ይኮመጥጣል፣ የተላጠ ቦታ ካገኘ ያቃጥላል። ማታ ከንፈራችን ተሰነጣጥቆ ነበር የምንገባው። እንዲያም ሆኖ በማግስቱ እንመለሳለን።

እኔ፦ ማሳውስ ከእሱ በኋላ?

እቴቴ፦ ጤፍ። አባቴ ጤፉን ከሽምብራ ላይ ነበር የሚያስከትለው። መሬቱ አርፏል ይል ነበር።

እኔ፦ ማረፉ ብቻም አይደል። ሥሩ ላይ ያሉት እብጠቶች ከአየር ናይትሮጅን ይይዛሉ፤ ማዳበሪያ ከሚገዙበት ነገር ዋናው እሱ ነው። አባትዎ በስሙ አይጥሩት እንጂ ይሠሩበት ነበር።

እቴቴ፦ ያ እህል እንግዲህ ይህ ነው። ዐረቦቹም ይህንኑ ነው የሚቀቅሉት?

እኔ፦ ወንድሙን። የእኛ ትንሽ፣ ቡናማ፣ ጥጉ የሾለ ነው፤ ቆዳው ወፍራም ነው። የእነሱ ነጣ ያለ፣ ትልቅና ድብልብል ነው፤ ካቡሊ ይሉታል። አሁን እኛም አገር ይዘራል። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል አረርቲ፣ ሻሾ፣ ሀብሩ የሚባሉ ነጫጭ ዘሮች አውጥቷል። ከአፍሪካ በሽምብራ ምርት የሚስተካከለን የለም እቴቴ። ነጩ ሲገኝ ለሑሙስ እሱ ይሻላል። የእኛው ደግሞ ጣዕሙ ይጠልቃል፤ የሚያስቸግረው ገለፈቱ ነው። ካልወጣለት ምንም ቢፈጩት አሸዋ አሸዋ ይላል።

እቴቴ፦ ስለ ገለፈት ለእኔ ትነግሪኛለሽ? ከክተሽው አትመጪም ነበር?

እኔ፦ እንዴት?

እቴቴ፦ ዘፍዝፈሽ፣ ፀሐይ ላይ አድርቀሽ፣ ወፍጮ ላይ ገርፈሽ፣ በሰፌድ ማንገዋለል። ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ገለፈቱን ነፋስ ይወስደዋል። ሳታምሺው ታዲያ። ከታመሰማ ለሽሮ ነው፤ ወደ ድስት መመለስ አይወድም።

ስድስት ዓመት ሙሉ ገለፈት በጣቴ ስለቅም ኖሬ ክክ ለአንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለኝም። ቤይሩት ማዕድ ቤት ውስጥ ስቆም የራሴ ማዕድ ቤት ከጭንቅላቴ ወጥቶ ኖሯል። እቴቴ በአንድ ዐረፍተ ነገር መለሱልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሠራ በክክ ነው፤ ሳይታመስ በተከካ። የሚበስልበትን ጊዜ እኩሌታ ይቀንሳል፣ ገለፈት ለቀማ የሚባለውን ሥራም ጨርሶ ያስቀራል። የዚያን ዕለት ግን የተዘፈዘፈው ድፍኑ ስለነበረ በድፍኑ ቀጠልን።

እቴቴ፦ አረፋውን ልቅፈፈው?

እኔ፦ ይቅፈፉት። ገለፈቱም እየተንሳፈፈ ስለሚመጣ አብረው ያውጡት።

እቴቴ፦ በይ ሰዓቱም ደርሷል። ፈንድቷል፤ አውጪው።

እኔ፦ ገና ነው።

እቴቴ፦ ምን ገና ነው አለው? ንፍሮ ሆኗል እኮ። ከዚህ ካለፈ ይቦካል፣ ለሰው አይቀርብም።

እኔ፦ እቴቴ፣ እዚህ ላይ ነው መንገዱ የሚለየው። እኛ ቤት ሽምብራ ሁልጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ እሳት ላይ ደርቆ ቆሎና ሽሮ ይሆናል፤ ወይ ውሃ ውስጥ ገብቶ ቅርጹን ሳይለቅ ንፍሮ ሆኖ ይወጣል። ንፍሮ ጥርስ ይፈልጋል፤ ፍሬው በፍሬነቱ መቆጠር አለበት። ሑሙስ የሚጀምረው ንፍሮው ተበላሸ ብለን ከምንደነግጥበት ቦታ ነው። ሌላ ሰዓት እንስጠው።

እቴቴ፦ ታዲያ መብሰሉን በምን ታውቂያለሽ? ጾም ነን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንቀምስም።

እኔ፦ በጣት። የተማርኩትም እንደዚያ ነው። የአሠሪዬ እናት ሰማንያ ያለፋቸው ነበሩ፤ ዓይናቸው ደክሟል። ሁሉን ነገር በእጃቸው ነበር የሚያውቁት። ከድስቱ አንድ ፍሬ በማንኪያ አውጥቼ እሰጣቸዋለሁ፤ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሐል ያደርጉታል። ቢያንሸራትት ገና ነው። ለሁለት ቢከፈልም ገና ነው። ምንም ሳይታገል፣ እንደ ቅቤ ጠፍ ብሎ ጣታቸው ላይ ከተቀባ፣ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። በመጀመሪያው ወር ስንቴ ወደ ድስቱ እንደመለሱኝ አልነግርዎትም። ይንኩት እስቲ።

እቴቴ አንድ ፍሬ አነሡ። ቃጠሎው አላስደነገጣቸውም፤ ያ ጣት አርባ ዓመት ከምጣድ እንጀራ ያወጣ ነው። ጫን አደረጉት፤ ተከፈለ እንጂ አልተቀባም። ወደ ድስቱ ጣሉት።

እቴቴ፦ ገና ነው።

እኔ፦ እስከዚያ ሰሊጡን እንያዝ። የመተማ ነው። ታጥቦ ደርቋል።

እቴቴ፦ ሰሊጥ ውድ ነው እኮ ልጄ። ጎጃም ኑግ አለልሽ። ኑግ ቆልተን ብንወቅጠውስ?

እኔ፦ ሞክሬዋለሁ። ጣዕሙ ይሄዳል፤ መልኩ ግን እንደ አመድ ይሆናል፣ ጎምዘዝም ይላል። ዘይቱን ከላይ ማንጠባጠብ ግን ግሩም ነው። እነሱ ከላይ የሚያፈስሱት የወይራ ዘይት ነው።

እቴቴ፦ የወይራ? ወይራ ምን ዘይት አለው?

እኔ፦ የእኛው ወይራና የእነሱ ወይራ አንድ ዘር ናቸው። የእነሱ ፍሬው ትልቅ ነው፤ ይጨመቃል። የእኛ ፍሬው ጥቃቅን ሆኖ ቀርቶ እንጨቱ ነው የተፈለገው፤ ቅል ይታጠንበታል፣ ጋን ይታጠንበታል።

እቴቴ፦ እንዲህ ከሆነ ሳህኑን በወይራ አጥኚዋ።

ይህን የተናገሩት እንደ ዋዛ አልነበረም። ከጓዳ የወይራ ስንጥር አምጥተው ፍም ላይ አደረጉ፣ የሸክላውን ሳህን ደፉበት። ጢሱ ከከንፈሩ ሥር ቀስ እያለ ይወጣ ነበር። የዐረብ ቤት ምግብ በወይራ ጢስ ሲቀበሉት ያየሁት ያን ዕለት ነው።

እኔ፦ ሰሊጡ እንዳያር። ፈካ ብሎ ሲዘል፣ ሽታው አፍንጫ ሲደርስ ይውረድ። ከጠቆረ ይመርራል።

እቴቴ፦ ተይኝ፣ ምጣድ አውቃለሁ። ይልቅ ይህ ሁሉ ሰሊጥ ከመተማና ከሁመራ ወዴት ነው የሚሄደው? በየዓመቱ መኪና ሙሉ ሲያልፍ እሰማለሁ።

እኔ፦ ከቡና ቀጥሎ ወደ ውጭ ከምንልካቸው ዋና ዋና ሰብሎች አንዱ ነው። አብዛኛው በጥሬው ነው የሚወጣው። የሁመራ ነጭ ሰሊጥ ለጣሂና ተመራጭ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ የጣሂና ዕቃ ላይ ‹ሁመራ› የሚል ስም ታትሞ ያዩታል። እኛ ደግሞ አዲስ አበባ ትልልቅ ሱቆች ውስጥ ከውጭ የመጣ ጣሂና እንገዛለን። አገሩን ለቅቆ ሄዶ፣ ታሽጎ፣ ተወድዶ ይመለሳል። ይህ ያናድደኛል እቴቴ። ሥራው እኮ መቁላትና መፍጨት ብቻ ነው።

እቴቴ፦ ሙቀጫውን አምጪ።

ትኩሱን ሰሊጥ ወቀጡት። መጀመሪያ ዱቄት ሆነ፤ ከዚያ ዘነዘናው ላይ መጣበቅ ጀመረ። ሙቀጫው ሲበቃው ወደ ወፍጮ አወረዱትና መጁን ያዙ። ሁለተኛው ዙር ላይ ዘይቱ ወጣ፤ ቅባቱ ድንጋዩ ላይ እንደ ማር መንሸራተት ጀመረ። መብራት ከጠፋ ሁለት ቀኑ ስለነበር ብሌንደር የሚባል ነገር አላነሣንም፤ ቢኖርም የእቴቴን መጅ የሚያክል አይመስለኝም። ቤይሩት ያሉት አሮጊት በወጣትነታቸው ሽምብራውን የሚያደቅቁት በእንጨት ሙቀጫ እንደነበር፣ ማሽኑ ሲመጣም ‹ላመ እንጂ አልጣፈጠም› ይሉ እንደነበር ነግረውኛል።

እኔ፦ አሁን አንድ ነገር ላሳይዎ። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ሦስት ፍሬ፣ ከጨው ጋር ደቁሼ ሎሚው ውስጥ አስር ደቂቃ አስቀምጬዋለሁ። የእኛ ትንንሽ ሎሚ ኮምጣጣ ነው፤ አራቱ በቅቷል። ሎሚው የነጭ ሽንኩርቱን ቁጣ ያበርደዋል። ይህን ጣሂናው ላይ ልጨምረው። ይዩት።

እቴቴ፦ ውይ! ተቋጠረ እኮ። አበላሸሽው።

እኔ፦ አልተበላሸም። ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ያድርጉበት። በማንኪያ… ሌላም ጠብ ያድርጉ።

ጣሂና ውሃ ሲነካው መጀመሪያ ይጨማደዳል፤ እንደ ጭቃ ተጠቅልሎ ማንኪያውን ይይዛል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ዘይት ይጨምርበታል፤ ስህተቱ ይህ ነው። ዘይት ሳይሆን ውሃ ነው የጠማው። አራተኛው ጠብታ ላይ ተፈታ። ስድስተኛው ላይ ነጣ፤ ቡናማ የነበረው ነገር ዓይናችን እያየ እንደ እርጎ ሆነ። እቴቴ ማማሰላቸውን አቁመው ቀና አሉ።

እቴቴ፦ ይህን ነጭ ከየት አመጣው?

እኔ፦ ቅባቱና ውሃው ተዋውጠው ነው። አሁን ሽምብራውን ይንኩልኝ።

እቴቴ፦ …ተቀባ።

እኔ፦ በቃ። ውሃውን ለብቻ እንያዘው፤ እሱ ነው በኋላ የሚያቀጥነው። ሽምብራው ትኩስ እያለ ይፈጭ። ከቀዘቀዘ ይደርቃል፤ አይልምም።

እቴቴ፦ የበርበሬው ድንጋይ ሌላ ነው፣ አትሥጊ። ይህ የእህሉ ነው።

አንዴ ሸረከቱት፤ ሁለተኛ አላሙት፤ ሦስተኛ ሰለቁት። እኔ ከወፍጮው አፍ በሳህን እየተቀበልኩ ከጣሂናው ጋር አዋህዳለሁ፤ ሲጠጥርብኝ ከያዝነው ውሃ አንድ ማንኪያ፣ ጥቂት ጨው፣ የጥፍር ያህል ከሙን። ከሙን ስል ነጭ አዝሙድ ማለቴ አይደለም፤ ገበያ ላይ ሁለቱን አደባልቀው የሚሸጡ አሉ፣ ነጭ አዝሙዱ ከገባ ምግቡን ይወስደዋል። እቴቴ እየፈጩ ያስቡ ነበር።

እቴቴ፦ ይህ የስልጆ ዘመድ ነው።

እኔ፦ ነው። የቡቲቻም ነው።

እቴቴ፦ ቡቲቻ ዱቄቱ ነው፤ ገንፎ ገንፎ ይላል፣ ቃሪያና ሽንኩርት ነው የሚያነሣው። ስልጆ ግን የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ፣ ሰናፍጭ ገብቶበት፣ ቀን ቆጥሮ እየኮመጠጠ ይበስላል። ጾሙን ሙሉ ይዞሽ ይዘልቃል። ይህስ ስንት ቀን ይቆያል?

እኔ፦ አይቆይም። ፍሪጅ ካለ ሦስት አራት ቀን። እዚህ በሙቀቱ የዛሬ ለዛሬ ነው። የሚበላውን ያህል ብቻ መሥራት ነው፤ ያደረውን ለልጅ መስጠት አይገባም።

እቴቴ፦ እንግዲያ ስልጆ ይበልጠዋል።

እኔ፦ በመቆየት ይበልጠዋል። ይህ ደግሞ ሰናፍጭ ለማይችል ልጅና ለታመመ ሰው ይሆናል፤ አያቃጥልም፣ አይከብድም። ሁለቱ አይጣሉም እቴቴ። ፉልን ይዩት። ከዐረቦቹ ነው የመጣው፤ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ቁርስ ሲባል በርበሬና ቃሪያ ተነስንሶበት፣ ዳቦ በጎኑ ሆኖ ይቀርባል። ከየት መጣህ የሚለው የለም። ሽምብራና ሰሊጥ ከፉል ይልቅ ለእኛ ይቀርባሉ።

እቴቴ፦ ለእነሱስ ከመቼ ጀምሮ ነው?

እኔ፦ ረጅም ነው። ከ700 ዓመት ገደማ በፊት ካይሮ ውስጥ በተጻፈ የምግብ መጽሐፍ የተፈጨ ሽምብራ በሆምጣጤ አለ። ማን ጀመረው የሚለው ግን እስከ ዛሬ ያጣላል። ሊባኖሶች የእኛ ነው ሲሉ እስራኤሎች የእኛም ነው ይላሉ። በ2002 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ እስራኤል ውስጥ አቡ ጎሽ የምትባል ከተማ ከ4,000 ኪሎ በላይ በአንድ ሳህን ሠርታ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘች። በዚያው ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ ሊባኖሶች ከቤይሩት ወጣ ብለው 300 ያህል ወጥ ሠሪ አሰልፈው 10,452 ኪሎ አወጡ።

እቴቴ፦ አስር ሺህ? መቶ ኩንታል አለፈ እኮ!

እኔ፦ መቶ አራት ኩንታል። ቁጥሩ እንዲያው አልመጣም። የሊባኖስ ስፋት 10,452 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አገራቸውን በሽምብራ ሰፈሩት። አሮጊቷ በየዓመቱ ለእንግዳ ሁሉ ይህን ሲያወሩ ዓይናቸው ይረጥብ ነበር።

እቴቴ፦ ይረጥባላ። የእናት ማዕድ እኮ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እቴቴ ጸሎታቸውን አድርሰው መጡ። የወይራ ጢስ የጠጣው ሸክላ ላይ ገለበጥነው፤ በማንኪያ ጀርባ መሐሉን እያዞርኩ ጎድጎድ አደረግሁት፣ ጎድጓዳው ውስጥ የኑግ ዘይት አንጠባጠብኩ። እነሱ ከላይ የሚነሰንሱት ቀይ ዱቄት መልክ እንጂ ማቃጠል የለውም። እቴቴ ከጓዳ የቡሬን በርበሬ ይዘው መጡ፤ እኔ እጄን ለመከልከል ዘርግቼ ተውኩት።

እቴቴ፦ በምን ይበላል?

እኔ፦ እነሱ በስስ ቂጣ ይጠቅሱታል። የእኛ ቂጣም ይሆናል። እንጀራ ላይ ደግሞ እንደ ወጥ ሳይሆን ዳር ላይ እንደ ሰናፍጭ ማድረግ ነው።

ቂጣውን ቆረሱ፣ ጠቀሱ፣ አፋቸው ውስጥ አቆዩት። በዚያ ሁሉ ሰዓት ሥራ ምላሳችን ጨው አልቀመሰችም፤ በግምት ነበር የጨመርኩት። ልቤ ቆመ።

እቴቴ፦ ጨው ጎድሎታል።

እኔ፦ እጨምራለሁ።

እቴቴ፦ ቆይ። ይህን ስትሠሪ፣ እዚያ ቤት፣ አብረሽ ትበዪ ነበር?

እኔ፦ ከአሮጊቷ ጋር ሁለታችን ብቻ ስንሆን፣ አዎ፤ ማዕድ ቤት ውስጥ፣ ከአንድ ሳህን። ሰው ሲኖር ቆሜ ነው የምበላው፣ እነሱ ከጨረሱ በኋላ።

እቴቴ፦ ዳሩ ላይ የቀረውን።

እኔ፦ ዳሩ ላይ የቀረውን።

እቴቴ ምንም አልተናገሩም። ሳህኑን በእኔ በኩል አስጠጉት፤ ቂጣውን ለሁለት ከፍለው ትልቁን ሰጡኝ። በላን። ሁለተኛ ጠቀሱ፣ ሦስተኛ ጠቀሱ፤ ከዚያ ተነሡና ከመደርደሪያው ትንሿን ሳህን አውርደው ከተረፈው ጨለፉ። በማንኪያ ጀርባ መሐሉን ጎድጎድ አደረጉ፣ ልክ እንደ እኔ፣ ወደ ቀኝ እያዞሩ። ዘይቱን አንጠባጠቡ። በርበሬውን ቆነጠሩ።

እኔ፦ ለማን ነው እቴቴ?

እቴቴ፦ ለእሷ ነዋ። ምን ይዛ መጣች እያለች ለምትጠይቀኝ።

እኔ፦ ምንድን ነው ብትልዎትስ?

እቴቴ፦ ያን የዐረቡን ስም አፌ አይይዝልኝም። ሽምብራ በሰሊጥ ነው እላታለሁ።

ሳህኑን በሌላ ሳህን ከደኑት፣ ነጠላቸውን ደረቡ። ደጃፉን አልፈው ከሄዱ በኋላ ድምፃቸው ከአጥሩ ማዶ መጣ።

እቴቴ፦ ለነገ አራት ብርጭቆ ዘፍዝፊ!